ወላጅና ልጅ፦ የምርት ምድብ ተዋረድን ወደ ደንበኛ መረጃ ፕላትፎርም ማስገባት

የምርት ምድብ ተዋረድ አንድ ሻጭ ዕቃዎቹን ከሰፊ ወደ ጠባብ የሚያደራጅበት ሥርዓት ነው። ከሁሉም በላይ «ምግብና መጠጥ» አለ፤ ከእሱ በታች «ቡናና ሻይ»፣ ቀጥሎ «ቡና»፣ ከቡና በታች ደግሞ «ጥሬ ቡና»፣ «የተቆላ ቡና» እና «የተፈጨ ቡና» ይመጣሉ። ከበላዩ ያለው ምድብ ወላጅ፣ ከበታቹ ያለው ልጅ ይባላል። ወላጅ የሌለው የላይኛው ምድብ ግንድ ነው፤ ልጅ የሌለው የታችኛው ደግሞ ቅጠል ነው። ዕቃዎቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚንጠለጠሉት በቅጠሎቹ ላይ ነው።

የደንበኛ መረጃ ፕላትፎርም፣ በምህፃሩ ሲዲፒ፣ አንድ ድርጅት ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ በተለያየ ቦታ የያዘውን መረጃ በአንድ ፕሮፋይል የሚሰበስብ ሶፍትዌር ነው። ስያሜውን በ2013 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የግብይት ቴክኖሎጂ አማካሪ ዴቪድ ራብ ነው። በሱቅ የተከፈለ ደረሰኝ፣ በድረ ገጽ የታየ ዕቃ፣ በስልክ መተግበሪያ የታዘዘ ጥቅል፣ የተከፈተ ኢሜይል፤ ሁሉም ተለቅሞ ለአንድ ሰው ይመዘገባል። ከዚያም የግብይት ሠራተኞች ደንበኞችን በቡድን በቡድን እየለዩ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መልእክት ይልካሉ።

የምድብ ተዋረድ እዚህ የሚያስፈልግበት ምክንያት አንድ የሽያጭ መዝገብ በቅርብ ሲታይ ይገለጣል። መዝገቡ የሚለው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ደንበኛ 48213፣ ምርት 77045፣ ብዛት 2። ስለ ቡና አንዲት ቃል የለበትም። የምርት ሠንጠረዡ ሲጠየቅ 77045 በምድብ 1112 ውስጥ እንዳለ ይናገራል። የምድብ ሠንጠረዡ ደግሞ 1112 «የተቆላ ቡና» መሆኑን፣ ወላጁም 111 መሆኑን ይጨምራል። 111 «ቡና» ነው፤ ወላጁ 110፣ «ቡናና ሻይ» ነው። 110 ደግሞ የ100፣ የ«ምግብና መጠጥ» ልጅ ነው።

አሁን አንድ ሠራተኛ «ባለፉት 90 ቀናት ከቡናና ሻይ ምድብ የገዙ ደንበኞች» ብሎ ይጠይቅ። ሲዲፒው የሚያውቀው የግዢውን ቅጠል ምድብ ብቻ ከሆነ 110ን ሲፈልግ ማንንም አያገኝም፤ ሁሉም ግዢ የተመዘገበው በ1112 እና በመሰሎቹ ስም ነውና። መልሱ ዜሮ ከሆነ ስህተቱ ቶሎ ይታወቃል። የሚያስፈራው ጥቂት ዕቃዎች በቀጥታ በ110 ላይ ሲንጠለጠሉ ነው። ያኔ መልሱ 300 ወይም 400 ይሆናል፤ እውነት ይመስላል፤ ዘመቻውም በዚያው ይወጣል። በሺህ የሚቆጠሩት እውነተኛዎቹ የቡና ደንበኞች ግን መልእክቱ ሳይደርሳቸው ይቀራል።

ስለዚህ ተዋረድን ማስገባት ሲባል ዋናው ጭነት ዝምድናው ነው። የምድቦቹ ስሞች ቢጎድሉ በኋላ ሊሞሉ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ምድብ የማን ልጅ እንደሆነ ካልደረሰ ግን የገባው መረጃ የስም ዝርዝር ከመሆን አያልፍም።

የተዋረድ አራት መልኮች

አንድ ተዋረድ በፋይል ላይ በአራት መልክ ሊጻፍ ይችላል።

የመጀመሪያው የወላጅ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የምድቡን መለያ፣ የወላጁን መለያና ስሙን ይይዛል፦

1112፣ 111፣ የተቆላ ቡና
111፣ 110፣ ቡና
110፣ 100፣ ቡናና ሻይ
100፣ (ባዶ)፣ ምግብና መጠጥ

እዚህ ሁሉም የሚናገረው የአባቱን ስም ብቻ ነው፤ አያቱን ለማወቅ አባቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አጻጻፉ አጭር ነው፤ አንድን ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ወላጅ ማዛወርም አንድ ሕዋስ መለወጥ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የሽያጭና የዕቃ ግምጃ ቤት ሥርዓቶች ተዋረዳቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡት እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ሙሉ ዱካ ነው፦ «ምግብና መጠጥ > ቡናና ሻይ > ቡና > የተቆላ ቡና»። ይህ ሰው በአባቱና በአያቱ ስም ሲጠራ እንደ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ትውልዱን ይናገራል። ጉግል ለነጋዴዎች በነፃ የሚያቀርበው የምርት ምደባ በዚህ መልክ የተጻፈ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን ከ5 ሺህ በላይ ምድቦች አሉት። ሙሉ ዱካ ለአንባቢ ግልጽ ነው። ነገር ግን የአንድ ወላጅ ስም ሲለወጥ ከእሱ በታች ያሉ ረድፎች በሙሉ መለወጥ አለባቸው።

ሦስተኛው ደረጃዎችን በዓምድ የሚለያይ ሠንጠረዥ ነው፤ «ደረጃ 1»፣ «ደረጃ 2»፣ «ደረጃ 3» እያለ ይቀጥላል። ለሪፖርት ይመቻል። የሚቸግረው ቅርንጫፎቹ እኩል ጥልቀት ሳይኖራቸው ሲቀር ነው። ቡና አራት ደረጃ ሲወርድ «የስጦታ ካርድ» በአንድ ደረጃ ያበቃል፤ የቀሩት ዓምዶች ባዶ ይሆናሉ። ባዶውን ዓምድ የላይኛውን ስም በመድገም መሙላት ወይም ባዶውን መተው ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱ ተመርጦ በፋይሉ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

አራተኛው ልጆችን በወላጃቸው ውስጥ የሚያቅፈው የጄሰን አጻጻፍ ነው። ሥርዓት ከሥርዓት ጋር በኤፒአይ ሲነጋገር ይህ የተለመደ ነው።

የወላጅ ዝርዝርን ወደ ላይ መውጣት ለዘመናዊ ዳታቤዝ ከባድ አይደለም፤ ራሱን እየደጋገመ የሚጠይቅ ትእዛዝ በ1999 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በወጣው የዳታቤዝ ቋንቋ፣ የኤስኪውኤል፣ መስፈርት ውስጥ ተካቷል። የግብይት ሠራተኛ ቡድን የሚመርጥበት የሲዲፒ ገጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ አወጣጥ አያውቅም፤ የሚያወዳድረው ከፊቱ የተጻፈውን እሴት ነው። መፍትሔው የትውልድ ቆጠራውን ከማስገባት በፊት ጨርሶ መላክ ነው። ለ1112 በአንድ ዓምድ ውስጥ 100፣ 110፣ 111 እና 1112 አብረው ይጻፋሉ። «ከቡናና ሻይ የገዛ» የሚለው ጥያቄ ያኔ «ከምድብ ዝርዝሩ ውስጥ 110 ያለበት» ወደሚል ቀላል ፍለጋ ይለወጣል።

መለያ ኮድ

ምድብን ከምድብ የሚያገናኘው መለያ ኮድ ነው፤ ስም ለዚህ ሥራ አይበቃም። ስም ይስተካከላል፣ ይተረጎማል፣ በሁለት ቅርንጫፍም ሊደገም ይችላል፤ «መለዋወጫ» የሚባል ምድብ በመኪናም በስልክም በብስክሌትም ሥር ይገኛልና።

መለያ ኮዶች ሁለት ዓይነት ጠባይ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ዝምድናቸውን በአኃዞቻቸው ውስጥ ይይዛሉ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከጥር 1 ቀን 1988 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚመራው የተስማማ የዕቃ ምደባ ሥርዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ጉምሩክ ታሪፍም የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት 09 ቡናን፣ ሻይንና ቅመማ ቅመምን የያዘው ምዕራፍ ነው፤ 0901 ቡና ነው፤ 090111 ካፌይኑ ያልወጣለት ያልተቆላ ቡና፣ 090121 ደግሞ ካፌይኑ ያልወጣለት የተቆላ ቡና ነው። ኮዱን ከቀኝ በኩል ሁለት ሁለት አኃዝ እየቆረጡ ወደ ወላጁ መውጣት ይቻላል።

ሁለተኛዎቹ ኮዶች ከራሳቸው ምንም አይናገሩም። በጉግል ምደባ ምግብ፣ መጠጥና ትምባሆን የያዘው ምድብ 412፣ መጠጥ 413፣ ቡና ደግሞ 1868 ነው። 1868ን በማየት ብቻ የ413 ልጅ መሆኑን ማንም አያውቅም፤ ዝምድናው ለብቻው መጻፍ አለበት። በምትኩ ይህ ዓይነቱ ኮድ ጽኑ ነው፤ ቡና ነገ ወደ ሌላ ወላጅ ቢዛወር ቁጥሩ 1868 እንደሆነ ይቆያል። ለሲዲፒ የሚመረጠው ይህ ነው። የጉምሩክ ኮድ ለዕቃው መግለጫ ሆኖ ተጨማሪ ዓምድ ሊይዝ ይችላል፤ የሱቁን ተዋረድ እንዲሸከም ግን አይደረግም፤ ምክንያቱም የተሠራው ቀረጥ ለመተመን እንጂ ገዢው ዕቃን እንዴት እንደሚፈልግ ለማሳየት አይደለም።

አንዳንድ ዕቃ በሁለት ቤት ይፈለጋል። ጀበና በ«ወጥ ቤት ዕቃ» ውስጥም በ«ቡና ዕቃ» ውስጥም ቢቀመጥ ገዢ አይገረምም። በሲዲፒ ውስጥ ግን አንዱ ቤት ዋና ተብሎ መመረጥ አለበት፤ ሁለተኛው እንደ ተጨማሪ ምልክት ይያዛል። ሁለቱም ወላጅ ተደርገው ከገቡ አንድ ጀበና የገዛ ደንበኛ በሁለቱም ምድብ ድምር ውስጥ ይቆጠራል፤ የምድቦቹ ድምርም ከጠቅላላው ሽያጭ ይበልጣል።

ፋይሉን ማዘጋጀት

አብዛኛው የማስገባት ሥራ የሚሠራው በሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ በሚለያዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ አብዛኛው ጉዳትም የሚደርሰው ፋይሉ ገና ከመላኩ በፊት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት የዜሮ መጥፋት ነው። 0901 የሚል ኮድ ያለበት ፋይል በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት ፕሮግራሙ ኮዱን እንደ ቁጥር ቆጥሮ 901 ያደርገዋል። ፋይሉ በዚያው ሲቀመጥ ዜሮው ላይመለስ ይሄዳል። በወላጅ ዓምድ 0901 የሚሉ ልጆች በሌላ ፋይል ከመጡ ወላጃቸውን አያገኙትም። መድኃኒቱ መለያ ኮድ ሁልጊዜ እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ ማድረግ ነው፤ በሲዲፒው በኩልም የዓምዱ ዓይነት ጽሑፍ ተብሎ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው የፊደል አመሰጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን ያገኘ ሲሆን በዩቲኤፍ-8 አመሰጣጠር እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል የሚወስደው 1 ነው። ርዝመቱን በባይት የሚለካ፣ 255 ባይት ብቻ የሚቀበል ዓምድ ስለዚህ ከ85 የአማርኛ ፊደል በላይ አይዝም። አምስት ደረጃ ያለው ሙሉ ዱካ በአማርኛ ሲጻፍ ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል፤ ጅራቱም ይቆረጣል። የተቆረጠው ጅራት ደግሞ ቅጠሉ፣ ማለትም በጣም የሚፈለገው ክፍል ነው።

ሦስተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ለአንባቢ «የጸጉር ቅባት» እና «የፀጉር ቅባት» አንድ ናቸው፤ «ዓሣ»፣ «ዓሳ» እና «አሳ» አንድ ናቸው፤ «ዕቃ» እና «እቃ» አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ምድቦችን በስም የሚያገናኝ ሥርዓት ሁለት ሠራተኞች የጻፉትን አንድ ምድብ ሁለት አድርጎ ይከፍለዋል፤ የጸጉር ቅባት ገዢዎችም እኩሌታቸው በአንዱ፣ እኩሌታቸው በሌላው ይቀመጣሉ። በመለያ ኮድ ማገናኘት ለአማርኛ ካታሎግ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስሞቹም ቢሆኑ ከመግባታቸው በፊት በአንድ የተመረጠ አጻጻፍ ሊስተካከሉ ይገባል።

አራተኛው የመለያያ ምልክት ነው። ዱካው በ«/» የሚለያይ ከሆነ «ሻይ/ቡና» የሚል ስም ሥርዓቱን ያሳስተዋል፤ አንዱን ምድብ ወላጅና ልጅ አድርጎ ያነበዋል። በስሞች ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ ምልክት መምረጥና ፋይሉን ከመላክ በፊት አለመገኘቱን መፈለግ ይበቃል።

የአጫጫን ቅደም ተከተል

ፋይሉ ሲዘጋጅ ጭነቱ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። መጀመሪያ ምድቦቹ ይገባሉ፤ ከምድቦቹም ግንዶቹ ይቀድማሉ፤ ልጅ ወላጁ ከመግባቱ በፊት ከደረሰ ብዙ ሥርዓቶች ረድፉን ይጥሉታል። ቀጥሎ ምርቶቹ ከነምድብ መለያቸው ይገባሉ። በመጨረሻ ግዢዎችና የድረ ገጽ ጉብኝቶች ይገናኛሉ።

ከመጫኑ በፊት ሦስት ጉድለቶች መፈለግ አለባቸው። አንደኛው ወላጅ አልባ ምድብ ነው፤ በወላጅ ዓምዱ ላይ የተጻፈው መለያ በፋይሉ ውስጥ የለም። ሁለተኛው ዙር ነው፤ 110 የ111 ልጅ፣ 111 ደግሞ የ110 ልጅ ሆኖ ከተጻፈ ወደ ላይ የሚወጣ ፕሮግራም ማብቂያ አያገኝም። ሦስተኛው የተደገመ መለያ ነው። ለእነዚህ አንድ ቀላል ሒሳብ ይረዳል፦ በትክክለኛ ተዋረድ ውስጥ የወላጅና የልጅ ግንኙነቶች ቁጥር ከምድቦቹ ቁጥር ግንዶቹ ሲቀነሱ ከሚቀረው ጋር እኩል ነው። 640 ምድቦችና 12 ግንዶች ካሉ ግንኙነቶቹ 628 መሆን አለባቸው። ከዚህ ካነሱ የጠፋ ወላጅ አለ፤ ከበለጡ ሁለት ወላጅ የተሰጠው ምድብ አለ። ዙር ግን ይህን ቆጠራ ሊያልፍ ስለሚችል ለብቻው ይፈተሻል፤ ከእያንዳንዱ ምድብ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ግንድ መድረስ አለበት።

ጊዜ ሲለወጥ

ተዋረድ አንዴ ገብቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ሻጭ አዲስ ምድብ ይከፍታል፣ ሁለቱን ይቀላቅላል፣ አንዱን ያዛውራል። «የሕፃናት ምግብ» እስከ ትናንት በ«ምግብና መጠጥ» ሥር ነበር፤ ዛሬ ወደ «የሕፃናት ዕቃ» ሄደ። ባለፈው ዓመት የተገዛው የሕፃናት ምግብ የየትኛው ምድብ ግዢ ነው?

ለዚህ ሁለት ትክክለኛ መልስ አለ፤ ልዩነቱ በጥያቄው ዓላማ ላይ ነው። ዛሬ ወላጆችን ፈልጎ መልእክት ለመላክ የዛሬው ተዋረድ ይበቃል፤ የድሮው ግዢም በአዲሱ ወላጅ ሥር ቢታይ ይመረጣል። የዓምናውን ሽያጭ ከዘንድሮው ጋር ለማወዳደር ግን የድሮው ቦታ መታወቅ አለበት፤ አለዚያ የ«ምግብና መጠጥ» ሽያጭ በአንድ ሌሊት የወደቀ ይመስላል። በመረጃ መጋዘን ሥራ ስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው ራልፍ ኪምቦል እነዚህን አያያዞች በቁጥር ለይቷቸዋል፤ በአሮጌው ላይ መጻፍ ዓይነት 1፣ አሮጌውን ረድፍ ከነዘመኑ ጠብቆ አዲስ መጨመር ዓይነት 2 ነው። ለዓይነት 2 እያንዳንዱ ረድፍ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና የሚናገሩ ሁለት የቀን ዓምዶች ይጨመሩለታል።

እነዚህ ዓምዶች በኢትዮጵያ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። መስከረም 1 ቀን 2017 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን 2024 ነው። «2017-01-01» ተብሎ ከተላከ ግን ሲዲፒው የጎርጎርዮሳዊው ጥር 1 ቀን 2017 አድርጎ ይቀበለዋል፤ ለውጡ ከእውነተኛው ቀን ከ7 ዓመት ከ8 ወር በፊት የተደረገ ይሆናል። ሥርዓቱም ስህተት አለ አይልም፤ ቀኑ ትክክለኛ ቀን ነውና። «2016-13-05» ተብሎ የተጻፈ የጳጉሜን ቀን ግን 13ኛ ወር ስለሌለ ተቀባይነት አጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ ቀኖች ሁሉ ከመላካቸው በፊት መለወጥ አለባቸው።

የተዘጋ ምድብም አይሰረዝም። ከተሰረዘ የድሮ ግዢዎች ወላጃቸውን ያጣሉ። «ከሥራ የወጣ» የሚል ምልክት ተሰጥቶት ከአዲስ ምርጫ ይደበቃል፤ ለታሪክ ግን በቦታው ይቆያል።

የሚያጋልጡ ምድቦች

ግዢን ከምድብ ጋር ማገናኘት ስለ ሰው የሚታወቀውን ይጨምራል። አንድ የምርት ቁጥር ዝም ይላል፤ «የስኳር በሽታ መለኪያ» የሚል ምድብ ግን ስለ ገዢው ጤና ይናገራል። «የጾም ምግብ» የሚል ምድብም እንዲሁ ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከዚህ ምድብ ብቻ የገዛ ሰው ሃይማኖቱ ሊገመት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ጤናንና ሃይማኖትን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ውስጥ ይመድባል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በነሐሴ 2022 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በተዘዋዋሪ እንዲህ ያለ ነገር የሚገልጥ መረጃ በዚሁ ጥበቃ ሥር እንደሚወድቅ ወስኗል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ተዋረዱ ራሱ ለጥበቃው መሣሪያ ይሆናል። «መድኃኒትና ሕክምና» በሚለው ወላጅ ላይ «ለማስታወቂያ አይውልም» የሚል አንድ ዓምድ ከተሞላ፣ ምልክቱ በዝምድናው መስመር ወደ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሁሉ ይወርዳል። ነገ በዚያ ወላጅ ሥር የሚከፈት አዲስ ምድብም ጥበቃውን ይዞ ይወለዳል። ዝምድናው ተበላሽቶ ከገባ ግን ከወላጁ የተነጠለው ምድብ ከጥበቃው ውጭ ይሆናል፤ የአንዲት ሕመምተኛ ግዢም ለዘመቻ ዝርዝር ይጋለጣል።

የመጨረሻው ፍተሻ

ጭነቱ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት የሚያረጋግጠው ረድፎቹ መድረሳቸውን ብቻ ነው። ዝምድናው መድረሱን ለማወቅ ሦስት ቆጠራዎች ከምንጩ ሥርዓት ጋር ይመሳከራሉ። መጀመሪያ የምድቦች፣ የግንዶችና የግንኙነቶች ቁጥር ይነጻጸራል። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ግንድ ሥር ያሉ ቅጠሎች ይቆጠራሉ፤ ጠቅላላው ትክክል ሆኖ አንድ ቅርንጫፍ ከሌላ ግንድ ሥር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። በመጨረሻ አንድ መካከለኛ ምድብ ተመርጦ በእሱና በዘሮቹ ሁሉ የገዙ ደንበኞች በሁለቱም ሥርዓቶች ይቆጠራሉ። ምርጫው መካከለኛ ምድብ ላይ የሚወድቀው ቅጠል ያለ ዝምድናም ትክክል መልስ ስለሚሰጥ ነው። በምንጩ ሥርዓት «ቡናና ሻይ» የገዙ 2,140 ደንበኞች ካሉና ሲዲፒውም 110 ሲጠየቅ 2,140 ካለ፣ ከቅጠሎቹ እስከ 110 ያለው መስመር ሳይበጠስ ደርሷል፤ ምድቡም ለሥራ ሊከፈት ይችላል።